እስከ መድረኩ ደጃፍ የደረሰው አማርኛ

አንድ አገር ለዓለም አቀፍ የዘፈን ውድድር ዘፈን ስትልክ የምትልከው ምንድን ነው? ሰንደቅ ዓላማዋን ነው? ቋንቋዋን ነው? ወይስ በዚያች ዓመት ድምፁ ያማረውን አንድ ልጇን? ጥያቄው ለጨዋታ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ውስጡ ሲገቡ ጂኦግራፊም፣ ታሪክም፣ ሒሳብም፣ ሙዚቃም ይገኝበታል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ቢነሣ ብዙ ያስተምራል ብለን እናምናለን።

ጥያቄውን በመጀመሪያ ያነሡልን ተማሪዎች ናቸው። በማርች 2020 መጀመሪያ ላይ በካርቱም ከተማ፣ በአርካዊት ሰፈር፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ እናስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ልጆቹ አንድ አዲስ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ ያደምጡ ነበር። የዘፈኑ ርእስ «ፍቅር ልቤ» ነው። ግጥሙ በአራት ቋንቋዎች የተሠራ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ፣ በዕብራይስጥና በዐረብኛ። የአርካዊት ልጅ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን ያውቃል፤ አማርኛውን ከእናቱ፣ ዐረብኛውን ከመንገድና ከገበያ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከትምህርት ቤት። አንዲት ተማሪ «ይህ ዘፈን የየትኛው አገር ነው?» ስትል ጠየቀችን። የእስራኤል ነው ብለን መለስንላት። «ታዲያ አማርኛው እዚያ ምን ይሠራል?» አለች።

ያን ዕለት የሰጠናት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላም ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ። ይህ ጽሑፍ ያኔ በእንጥልጥል የቀረውን መልስ በሰፊው ለማቅረብ የሚሞክር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንጠይቃለን።

ውድድሩና ደንቡ

«ፍቅር ልቤ» የተዘጋጀው ዩሮቪዥን ለሚባለው የዘፈን ውድድር ነው። ውድድሩን የመሠረተው የአውሮፓ የራዲዮና የቴሌቪዥን ማሰራጫዎች ኅብረት ሲሆን፣ ኅብረቱ ራሱ የተቋቋመው በ1950 ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ገና አዲስ ነገር ነበር። በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ የሚታይ ቀጥታ ሥርጭት ለማካሄድ የሚያስችል መገናኛም ገና በመሞከር ላይ ነበር። ኅብረቱም ይህን መገናኛ የሚፈትንና አገሮቹንም የሚያቀራርብ ዝግጅት ፈለገ። የመጀመሪያው ውድድር በሜይ 24 ቀን 1956 በስዊዘርላንድ፣ በሉጋኖ ከተማ ተካሄደ። ሰባት አገሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዘፈን አቀረቡ፤ ያሸነፈችውም አዘጋጇ ስዊዘርላንድ ነበረች።

እዚህ ላይ በቅድሚያ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ዘፈኑን የሚልከው መንግሥት አይደለም፤ የኅብረቱ አባል የሆነው የቴሌቪዥን ድርጅት ነው። ድምፃዊውም የዚያች አገር ዜጋ እንዲሆን ደንቡ አያስገድድም። ስለዚህ «የአገሪቱ ዘፈን» ሲባል የአንድ ማሰራጫ ድርጅት ምርጫ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ድርጅቱ ሕዝቡን እያስመረጠ ወይም ራሱ እየመረጠ ይልካል።

ከደንቦቹ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው። ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ መብለጥ አይችልም። በመድረክ ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም። ዋናው ድምፃዊ በቀጥታ መዝፈን አለበት። ዘፈኑም አዲስ መሆን ይገባዋል፤ ይህም ማለት ውድድሩ ከሚካሄድበት ዓመት በፊት ባለው ዓመት ከሴፕቴምበር 1 ቀን አስቀድሞ ለሕዝብ የቀረበ ሊሆን አይችልም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ቆየት ብለን ለምንነግረው ታሪክ ቁልፍ ነውና አንባቢ ይያዝልን።

የቋንቋው ደንብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ከ1966 እስከ 1972፣ እንደገናም ከ1977 እስከ 1998 ድረስ እያንዳንዱ አገር በራሱ ብሔራዊ ቋንቋ እንዲዘፍን ይገደድ ነበር። ከ1999 ጀምሮ ግን ማንም በፈለገው ቋንቋ ሊዘፍን ይችላል። ይህ ነጻነት ሁለት ውጤት አስከትሏል። በአንድ በኩል ብዙዎች የየራሳቸውን ቋንቋ ትተው ወደ እንግሊዝኛ አዘነበሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የማንም አገር ብሔራዊ ቋንቋ ሆኖ በውድድሩ ያልተመዘገበ ቋንቋ፣ ለምሳሌ አማርኛ፣ የሚገባበት በር ተከፈተ። በቀድሞው ደንብ ቢሆን ኖሮ «ፍቅር ልቤ» በአራት ቋንቋዎች ሊቀርብ ባልቻለ ነበር።

ሱዳንና ኢትዮጵያ ለምን የሉበትም?

ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው። «እስራኤል በእስያ ሳለች ከገባች፣ እኛስ ለምን አንገባም?» ይላሉ። መልሱ ያለው በካርታ ላይ ነው።

የራዲዮ ሞገድን ለማከፋፈል ሲባል በዓለም አቀፍ ስምምነት «የአውሮፓ የማሰራጫ ክልል» የሚባል ቦታ ተወስኗል። ይህ ክልል ከአውሮፓ አህጉር ጋር አንድ አይደለም። በደቡብ በኩል እስከ 30 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በመሠረቱ እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ሞሮኮን፣ አልጄሪያንና ቱኒዚያን የመሳሰሉት የሰሜን አፍሪካ አገሮች፣ እንዲሁም ሊባኖስና እስራኤል በክልሉ ውስጥ ይወድቃሉ። በክልሉ ውስጥ ያለ ማሰራጫ ድርጅት የኅብረቱ ሙሉ አባል ለመሆን ሲችል፣ አባል የሆነም ለመወዳደር ይችላል። ከክልሉ ውጭ ያለችው አውስትራሊያ በ2015 የገባችው በልዩ ግብዣ ነው።

አሁን ተማሪው ካርታውን ዘርግቶ ይመልከት። የሱዳን ሰሜናዊ ወሰን በ22 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። ካርቱም በ15 ዲግሪ ተኩል አካባቢ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ9 ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ። ሁለቱም ከ30 ዲግሪው መሥመር እጅግ ርቀው ወደ ደቡብ ይወድቃሉ። እንግዲህ ያለመግባታቸው ምክንያት የዘፈን ማነስ ሳይሆን የመሥመር ጉዳይ ነው።

ከአፍሪካ አህጉር በውድድሩ የተካፈለች አገር ሞሮኮ ብቻ ናት፤ እርሷም የተካፈለችው አንድ ጊዜ፣ በ1980 በኔዘርላንድስ በሄግ ከተማ ነው። ድምፃዊት ሰሚራ ሰዒድ (ያን ጊዜ ሰሚራ ቢንሰዒድ ትባል ነበር) በዐረብኛ ዘፈነች። ከ19 ተወዳዳሪዎች 18ኛ ወጣች፤ ያገኘችው ነጥብ 7 ሲሆን ሰባቱም የተሰጡት ከጣሊያን ነበር። ሰሚራ ግን ከዚያ በኋላ በዐረቡ ዓለም እጅግ ከታወቁት ድምፃውያን አንዷ ለመሆን በቃች። ከዚህ የምንማረው የአንድ ምሽት ነጥብ የአንድን ድምፃዊ ዕድሜ ሥራ ሊመዝን እንደማይችል ነው።

ከጎንደር በሱዳን በኩል

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። አማርኛ በእስራኤል ዘፈን ውስጥ ምን ይሠራል?

ቤተ እስራኤል የሚባሉት የአይሁድ እምነት ተከታይ የሆኑ ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው በጎንደርና በትግራይ ገጠሮች ይኖሩ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙዎቹ መንደራቸውን ትተው በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ። መንገዱ በረሃ ነው፤ ሽፍታም፣ ጥማትም፣ ወባም ነበረበት። ከደረሱም በኋላ በገዳሪፍ አካባቢ በሚገኙት በኡም ራኩባና በተዋዋ የስደተኞች መጠለያዎች፣ ከድርቅና ከጦርነት ከሸሹ ሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ተቀመጡ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ድረስ በቆየ ምስጢራዊ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከመጠለያዎቹ በአውቶቡስ በሌሊት ወደ ካርቱም እየተወሰዱ፣ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በአውሮፓ በኩል ወደ እስራኤል ተጓዙ። ዘመቻው «ሙሴ» የሚል ስያሜ ነበረው። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ሥራው ቆመ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1991፣ «ሰሎሞን» በተባለው ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ተወሰዱ። አርካዊት ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም። ተማሪዎቻችን ከቤታቸው ሆነው በየቀኑ ድምፃቸውን ይሰሙት ከነበሩት አውሮፕላኖች መነሻ፣ አንድ ጊዜ በሌሊት እንዲህ ያለ መንገደኛ እንደተነሣበት ብዙዎቹ አያውቁም ነበር።

ሰው ሲጓዝ ዕቃውን ሊተው ይችላል፤ ቋንቋውንና ዜማውን ግን ይዞ ይሄዳል። በእስራኤል አዳሪ ትምህርት ቤት ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶችን በአማካሪነት ያገለግል የነበረው ሙዚቀኛ ኢዳን ራይኸል፣ የኢትዮጵያን ዘፈን የሰማው ከእነዚያው ወጣቶች ነው። በ2002 የመጀመሪያውን አልበሙን ሲያወጣ የአማርኛ ድምፅ ከዕብራይስጥ ጋር አዋሕዶ አቀረበ፤ ሥራውም በአገሩ እጅግ ተወደደ። ከእርሱ ቡድን ጋር በብዙ አገሮች መድረክ የዘፈነችው ካብራ ካሳይ የተወለደችው በሱዳን ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ነው። እንግዲህ ይህ ሰንሰለት ሱዳንን ሳይነካ አያልፍም ማለት ነው።

ድምፃዊቷና ሁለቱ ዘፈኖች

ኤደን አለነ በ2000 በኢየሩሳሌም ተወለደች። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። በ2018 በእስራኤል በተካሄደ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር አሸነፈች። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ለዩሮቪዥን ተወካይ የሚመረጥበትን ውድድር አሸንፋ፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ተወልዳ እስራኤልን በዚህ መድረክ እንድትወክል የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች።

ድምፃዊት ከተመረጠች በኋላ ዘፈን መምረጥ ይቀራል። በማርች 3 ቀን 2020 ኤደን አራት ዘፈኖችን በቴሌቪዥን አቀረበች። ከእነዚህ ውስጥ የተመረጠው «ፍቅር ልቤ» ነው። ደራሲዎቹ ቀደም ብለን የጠቀስነው ኢዳን ራይኸልና ዶሮን መዳሊ ናቸው። መዳሊ በ2018 ለእስራኤል አንደኛነትን ያስገኘውን ዘፈን ከሌላ ባልደረባው ጋር የደረሰ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሰሙት ዜማ ከብዙ ዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር ሊገባ ሆነ።

ነገር ግን ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ በማርች 18 ቀን 2020፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የዚያ ዓመት ውድድር መሰረዙ ተገለጸ። ከ1956 ወዲህ ውድድሩ ሲሰረዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሜይ 16 ቀን 41ዱ ዘፈኖች ሁሉ በአጭር በአጭሩ የታሰቡበት ዝግጅት በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ውድድር ግን አልነበረም፤ ነጥብም አልተሰጠም።

አንዳንድ ሰው «የተሰረዘው ውድድር በሚቀጥለው ዓመት ሲካሄድ ያው ዘፈን ለምን አልቀረበም?» ይል ይሆናል። ቁልፍ ነው ያልነው ደንብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የ2021 ዘፈን ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 በፊት ለሕዝብ የቀረበ መሆን የለበትም። አዘጋጆቹም ይህ ደንብ እንደጸና እንዲቆይ ወሰኑ። አገሮች ያንኑ ድምፃዊ እንደገና መላክ ይችላሉ፤ ዘፈኑ ግን ሌላ መሆን አለበት። የእስራኤል ማሰራጫም ኤደንን እንደገና መረጠ። በጃንዋሪ 2021 ሕዝቡ የመረጠላት አዲስ ዘፈን ትርጉሙ «ነጻ አውጣኝ» የሚል ነው፤ ግጥሙም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ ጥቂቱም በዕብራይስጥ ነበር። አማርኛ አልነበረበትም። የአማርኛው ዘፈን እስከ መድረኩ ደጃፍ ደርሶ የተመለሰው በዚህ ሁኔታ ነው። ያስቀረው የማንም ጥላቻ አልነበረም፤ ወረርሽኝና የቀን ደንብ ነበሩ።

በሜይ 2021 በኔዘርላንድስ በሮተርዳም ከተማ 39 አገሮች ተወዳደሩ። በወረርሽኙ ጥንቃቄ ምክንያት ወደ አዳራሹ እንዲገባ የተፈቀደው ተመልካች በየትዕይንቱ 3,500 ሰው ብቻ ነበር። ኤደን በሜይ 18 ቀን በመጀመሪያው ግማሽ ፍጻሜ 192 ነጥብ አግኝታ አምስተኛ በመሆን ወደ ፍጻሜ አለፈች። በዘፈኗ መጨረሻ አካባቢ ያወጣችው እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ በውድድሩ ታሪክ ከተሰሙት ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። የፊዚክስ ተማሪ እንዲህ ቢያስብ ይረዳዋል፤ የሙዚቃ መሣሪያ የሚቃኝበት «ላ» በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል፤ የኤደን ከፍተኛ ድምፅ ግን በሴኮንድ ወደ 1,976 ጊዜ ይጠጋል። ይህም አራት ጊዜ ተኩል ያህል መሆኑ ነው።

ነጥቡ ምን ይነግረናል?

በሜይ 22 ቀን በፍጻሜው ምሽት ኤደን 93 ነጥብ አግኝታ ከ26 ተወዳዳሪዎች 17ኛ ወጣች። ይህን ቁጥር ለመረዳት አቆጣጠሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

በ2021 እያንዳንዱ አገር ሁለት ጊዜ ነጥብ ይሰጥ ነበር። አንደኛው ከሙዚቃ ባለሞያ ዳኞች፣ ሁለተኛው በስልክ ከሚመርጠው ተመልካች። በየጊዜው የሚሰጠው ነጥብ ለአንደኛው 12፣ ለሁለተኛው 10፣ ለሦስተኛው 8፣ ከዚያም 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 እና 1 ነው። ሲደመር 58 ይሆናል። አንድ አገር ለራሱ ነጥብ መስጠት አይችልም። በመሆኑም 39 አገሮች ሁለት ሁለት ጊዜ 58 ነጥብ ሲሰጡ ጠቅላላው 4,524 ይሆናል። ይህ ለ26 ተወዳዳሪዎች እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ 174 ይደርሰዋል። የኤደን 93 ከዚህ አማካይ በታች ነው። ከ93ቱ ውስጥ 73ቱ ከዳኞች፣ 20ው ደግሞ ከተመልካች የመጡ ናቸው። ዳኞቹ ድምፅዋን ከተመልካቹ የበለጠ አክብረውላት ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ቁጥር የበለጠ የሚያስገርም ሌላ ነገር አለ። በዚያ ምሽት ያሸነፈችው ጣሊያን ናት፤ 524 ነጥብ አገኘች፤ የዘፈነችውም በጣሊያንኛ ነበር። ሁለተኛዋ ፈረንሳይ በ499፣ ሦስተኛዋ ስዊዘርላንድ በ432 ነጥብ ሁለቱም በፈረንሳይኛ ዘፈኑ። አምስተኛዋ ዩክሬን በዩክሬንኛ ዘፈነች። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ በእንግሊዝኛ የዘፈነችው አራተኛዋ አይስላንድ ብቻ ናት።

ታዲያ «በአማርኛ ብትዘፍን ኖሮ ታሸንፍ ነበር» ለማለት እንችላለን? አንችልም። ያልተካሄደ ውድድር ውጤት የለውም፤ የአንድ ዓመት ውጤትም ሕግ አይሆንም። በሌሎች ዓመቶች የእንግሊዝኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ አሸንፏል። ለማለት የምንችለው ይህን ብቻ ነው፤ «በራሳችን ቋንቋ ብንዘፍን ማንም አይሰማንም» የሚለው ስጋት ቢያንስ በዚያ ምሽት እውነት ሆኖ አልተገኘም። ተማሪ ከማስረጃ የሚወጣውንና ከምኞት የሚወጣውን ለይቶ እንዲያውቅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

በዚያው ፍጻሜ ሳን ማሪኖ የምትባለውን ትንሽ አገር የወከለችው ሰንሂት ከኤርትራውያን ወላጆች በጣሊያን በቦሎኛ የተወለደች ናት፤ በ50 ነጥብ 22ኛ ወጣች። ከቀይ ባሕር ማዶና ከዓባይ ምንጭ አካባቢ የተነሡ ቤተሰቦች ልጆች፣ የሌሎች አገሮችን ሰንደቅ ዓላማ ይዘው በአንድ መድረክ ላይ ቆመው ነበር።

መድረክና ኑሮ

አንድ ሕዝብ በመድረክ ላይ ስለታየ ብቻ በኑሮው እኩል ሆነ ማለት አይደለም። በ2015 እና በ2019 ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን በፖሊስ አድራጎትና በመድልዎ ላይ ያላቸውን ተቃውሞ ለማሰማት አደባባይ ወጥተዋል። ሁለተኛው ሰልፍ የተደረገው ኤደን ከመመረጧ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የእርሷን መመረጥ አንዳንዱ የለውጥ ምልክት አድርጎ ሲያየው፣ ሌላው ደግሞ ጭብጨባ መብትን አይተካም ይላል። ሁለቱም አነጋገር የየራሱ እውነት አለው። መምህር የሆነ ሰው አንዱን ደብቆ ሌላውን ብቻ ማስተማር የለበትም።

ዘፈን ድንበር ለመሻገር ውድድርና ነጥብ የግድ እንደማያስፈልገውም ማስታወስ ይገባል። ይህንን የሱዳንና የኢትዮጵያ ሕዝብ ከማንም በፊት ያውቀዋል። መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ ዐረብኛ በማይችለው ኢትዮጵያዊ ዘንድ ሳይቀር የተወደዱ ናቸው። የእኛም ዘፈኖች በካርቱም ሠርግ ቤቶች ሲሰሙ ኖረዋል። አንዱ ምክንያት የዜማው አሠራር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን በአምስት አምስት ድምፆች የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኛው የሱዳን ዜማም ባለ አምስት ድምፅ ነው። ጆሮ ቃሉን ባይረዳው እንኳ ቤቱን ያውቀዋል።

ወደ አርካዊት ስንመለስ

ያቺ ተማሪ «አማርኛው እዚያ ምን ይሠራል?» ላለችው አሁን እንዲህ ብለን እንመልስላታለን። አማርኛውን እዚያ ያደረሰው መንግሥት አይደለም። የቴሌቪዥን ድርጅትም ፈልጎ አላመጣውም። ያደረሱት በእግራቸው ከጎንደር ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም የመጡ እናቶችና አባቶች፣ ከአዲስ አበባም የተነሡ ሌሎች፣ በባዕድ አገር ለልጆቻቸው በቤት ውስጥ አማርኛ መናገር ባለመተዋቸው ነው። የዘፈኑ ደራሲ ቃሉን የሰማው ከልጆች አፍ ነው። ልጆቹ አፍረው ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ የሚሰማው ነገር ባልነበረ ነበር።

ይህን የምንለው በምክንያት ነው። በአርካዊት ካስተማርናቸው ልጆች አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ እናታቸው በአማርኛ ስትጠራቸው በዐረብኛ ይመልሱ ነበር፤ ጓደኞቻቸው እንዳይስቁባቸው ይፈሩ ነበርና። ዘፈኑ በወጣበት ሳምንት ግን ከእነዚሁ ልጆች አንዱ ለሱዳናውያን ጓደኞቹ የአማርኛውን ቃል እየተረጐመ ሲያስረዳ አየነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በቁጣና በምክር ያላገኘነውን ነገር አንድ ዘፈን በአንድ ሳምንት አስገኘ።

በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እነዚያ ልጆች ተበትነዋል። ከፊሎቹ በገዳሪፍ አልፈው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ከአርባ ዓመት በፊት ሌሎች በእግር የወረዱበትን አቅጣጫ እነርሱ ሽቅብ ወጡበት። ወላጆቻቸው ገንዘብና ዕቃ ይዘው ለመውጣት አልቻሉም። በቤታቸው የተማሩት አማርኛ ግን አብሯቸው ወጣ፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያስጠጋቸውም እርሱ ነው። አገር ለውድድር የምትልከው ምን እንደሆነ አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ ሰው በስደት ይዞት የሚሄደው ግን ይህን ይመስላል።

ለክፍል ውይይትና ለልምምድ

1. ካርታ ዘርግታችሁ 30 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስንና 40 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን በቀይ አስምሩ። ከአፍሪካ አገሮች የትኞቹ በሙሉ፣ የትኞቹስ በከፊል በክልሉ ውስጥ ይወድቃሉ?

2. በ2021 ፍጻሜ አንድ ተወዳዳሪ ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ ስንት ነው? (ለራሱ ነጥብ እንደማይሰጥ አስታውሱ።) አሸናፊዋ ያገኘችው 524 የዚህ ስንት በመቶ ይሆናል?

3. «ዘፈኑ አዲስ መሆን አለበት» የሚለው ደንብ በ2021 በነበረበት መጽናቱ ትክክል ነበር ትላላችሁ? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።

4. በቤታችሁ የሚነገረው ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ የተለየ ነው? ከአያቶቻችሁ አንድ የቤት ቋንቋ ቃል ጠይቃችሁ ትርጉሙን ለክፍሉ አስረዱ። መምህሩም የራሱን ቃል በመንገር ይጀምር።